አሥራ አንድ ጊዜ «አልተከተለችም»

ውድ የማክሰኞ እህቴ፣

ደብዳቤው የማን እንደሆነ ስታውቂ ሳታነቢው ብትቀድጂው አልፈርድብሽም። ብቻ ፖስታው ውስጥ ያለውን ሁለተኛውን ወረቀት፣ ማህተም ያለበትን፣ አደራ አትቅደጂው። እሱ ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ስትቀርቢ ይጠቅምሻል። ይሄኛው አንቺን የሚጠቅም ነገር ብዙም የለበትም። እኔ ካልተነፈስኩት አላስቀምጥ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

በየማክሰኞው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እደውልልሽ የነበርኩት ሴት ነኝ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆቻቸው አልተኛ ያሏቸውን ወላጆች በስልክ የሚያግዘው አገልግሎት «ደጋፊ ወላጅ» ብሎ ሰየመኝና አንቺን ሰጠኝ። ስም መለዋወጥ ክልክል ስለነበር አንቺ «ማክሰኞ» ሆንሽ፣ እኔም ላንቺ «የአሥር ሰዓቷ» ሆንኩ። መጀመሪያ ቀን «እንደምን ዋሉ?» ስልሽ፣ «ኧረ በሞቴ አንቺ በይኝ፣ አንቱታውን ለተኛ ሰው አቆይው» ብለሽ አሳቅሽኝ። እኔ አንቺን አንድም ቀን አላሳቅሁሽም። አድራሻሽን ያገኘሁት ፋይልሽ ላይ ሰርቄ አይቼ ነው። ይሄም ጥፋት ነው፣ ከሠራሁብሽ ውስጥ ግን ትንሹ ነው።

የእኔን ታሪክ በቃልሽ ታውቂዋለሽ፣ እስኪሰለችሽ ነግሬሻለሁ። ልጄ፣ ጌታው እያልን የምንጠራው፣ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። አይናገርም፤ የሚፈልገው ነገር ካለ እጃችንን ይዞ ይወስደንና ያሳየናል። ሌሊቱን ሁለት ሰዓት ከተኛልን ተመስገን ነው። እኔ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ እገጥማለሁ። አንድ ቀን መኪናው ላይ እንዳለሁ ዓይኔ ተከደነና መርፌው በሌባ ጣቴ ጥፍር ገብቶ በወዲያ በኩል ወጣ። የመስመር ኃላፊያችን በፒንሳ ሲነቅልልኝ እንኳ እያንጎላጀጅኩ ነበር። በዚያው ሳምንት ለአገልግሎቱ ደወልኩ።

ዘዴውን ሰጡኝ። ራት በአንድ ሰዓት፣ ከዚያ ቴሌቪዥንና ስልክ መዝጋት፣ መብራት መቀነስ፣ ገላ ማጠብ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እንዲያውቅ ግድግዳ ላይ ስዕሎች መለጠፍ፣ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ወተት፣ አልጋ። ከዚያ ደግሞ ወንበሩ። አብሬው መተኛቴን ትቼ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ በየሦስት ቀኑ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጋለሁ፣ በመጨረሻ ወንበሩም እኔም ከክፍሉ እንወጣለን። የእኔ ወንበር በሦስት ሳምንት ወጣ። ጌታው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሳይነቃ ተኛ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሞቷል ብዬ ሮጬ ነው የገባሁት። ትንፋሹን ስሰማ ወለሉ ላይ ተዘርፍጬ አለቀስኩ።

አገልግሎቱ እንዲህ ያለ ውጤት አይቶ አያውቅም ነበር መሰለኝ፣ በደስታ የሚይዙትን የሚጨብጡትን አጡ። አስተባባሪያችን አርባ ወላጆች ባሉበት የስልክ ስብሰባ ላይ እንድናገር አደረገችኝ። እኔም ተናገርኩ። «ሦስት ሳምንት ብቻ ጨክኑ፣ ሥራው የልጁ አይደለም፣ የእናንተ ነው» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅሽም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ኮሌታ ስገጥም «ጎበዝ» ያለኝ ሰው አልነበረም፣ እና ያ ቃል ጣፈጠኝ። ለደጋፊነት ሥልጠናው የተመዘገብኩት በማግስቱ ነው።

ከዚያ አንቺ መጣሽ። ልጅሽን ጫማ ሲያገኝ ሁሉ በሰልፍ ስለሚደረድር «ሻለቃው» ትይው ነበር። «ዛሬ ሻለቃው የጎረቤቱን ሁሉ ጫማ ለሰልፍ ጠራ» ብለሽኝ አንዱን ማክሰኞ ጀመርሽ። ባልሽ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቢሮ ታጸጃለሽ፣ እኔ ስደውል መጥረጊያሽን ደረጃው ሥር አስቀምጠሽ ነበር የምታወሪኝ፣ ድምፅሽ በደረጃው ያስተጋባ ነበር። ያልኩሽን ሁሉ ትጽፊ ነበር። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ በይልኝ» ትይና የእስክሪብቶሽ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ወንበርሽ በሩ ጋ ደርሷል፣ ሻለቃው ግን አልተኛም። በአራተኛውም። በአምስተኛው «እህቴ፣ የእኔ ልጅ የተለየ ይሆን እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ምን ብዬ መለስኩልሽ? «ሁሉም እናት የኔ የተለየ ነው ትላለች» አልኩሽ። ሥልጠናው ላይ የተሰጠን ወረቀት እንኳ እንዲህ አይልም። ከራሴ ነው ያመጣሁት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ አንድ ቅጽ እሞላ ነበር። ሦስት ሳጥን አለው፦ ተከትላለች፣ በከፊል ተከትላለች፣ አልተከተለችም። እኔ አሥራ አንዱንም ሳምንት «አልተከተለችም» ላይ ምልክት አደረግሁ። እየዋሸሽኝ ነው ብዬ ነው። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፦ የእኔ ልጅ በሦስት ሳምንት ተኝቷል፣ ዘዴው አንድ ነው፣ የእሷ ካልተኛ እኔ ስልኩን ስዘጋ ወንበሩን ትመልሰዋለች፣ አዝናለት አቅፋው ትተኛለች። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ፊት ለፊት ጠየቅሁሽ።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ወንበሩን ትመልሺዋለሽ አይደል?»

«አልመልሰውም። በልጄ እምልልሻለሁ።»

«አብረሽው አትተኚም?»

«እህቴ፣ እኔ ራሴ መች ተኝቼ።»

ከዚያ «ምናልባት የሆነ ቦታ እያጠፋሁ ይሆናል፣ እንደገና ከመጀመሪያ ልጀምር» አልሽኝ። እኔም አመነች ብዬ ምልክቴን አደረግሁ። ስለራስሽ ክፉ ለማመን ያን ያህል ቅርብ ነበርሽ፣ እኔ ደግሞ ያንን እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት።

የመጨረሻው ማክሰኞ ስደውል ስልክሽን ያነሳችው ጎረቤትሽ ነበረች። እሁድ ከቀትር በኋላ ድስት ጥደሽ ሶፋው ላይ እንቅልፍ እንደጣለሽ፣ ሻለቃው በሩን ከፍቶ እንደወጣ፣ አደባባዩ ጋ ሞተር ብስክሌት ገጭቶት ክንዱ እንደተሰበረ የነገረችኝ እሷ ናት። ከሆስፒታል ወደ ማሳደጊያ እንደወሰዱትም። የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ከአገልግሎቱ ፋይልሽን አስመጣ፤ ፋይልሽ ማለት እንግዲህ የእኔ አሥራ አንድ ወረቀት ነው። ውሳኔያቸውን አይቼዋለሁ። «እናትየዋ የተሰጣትን ሙያዊ መመሪያ በተደጋጋሚ ለመከተል ፈቃደኛ ባለመሆኗ» ይላል። ሲያነቡልሽ ምን እንዳልሽ አላውቅም። በዚያው ሳምንት አንድ ጊዜ ደውለሽልኝ «እናት አይደለሁም ማለት ነው?» ስትይኝ፣ «ራስሽን አትውቀሺ፣ ለሁሉም አይሆንም» ብዬ ያጽናናሁሽ እየመሰለኝ ስልኩን ዘጋሁ። ቁጥርሽ ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ይህ ከሆነ ስድስት ወሩ ነው። አሁን የሆነውን ደግሞ ስሚ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ልገዛ ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ገባሁ። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ ሁልጊዜ ራሷ ነበር የምትሄደው፣ ያን ቀን ጉልበቷን አሟት እኔ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ክኒኑን አስቀመጠችልኝና «ሽሮፑንስ ልጨምር?» አለችኝ።

«የምን ሽሮፕ?»

«እማማ በየሁለት ሳምንቱ የሚወስዱትን ነዋ። ምን ዓይነት ሳል ነው ግን፣ እስካሁን አልለቀቃቸውም?»

እናቴ አትስልም። በሕይወቷ ስትስል የሰማሁት ሰው ቤት ገብታ መኖሯን ለማስታወቅ ብቻ ነው። ጠርሙሱን አሳዪኝ አልኳት። ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል «እንቅልፍ ሊያስይዝ ስለሚችል መኪና አይንዱ» ይላል። ቆሜ ሦስቴ አነበብኩት። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰውዬ «እመቤት፣ ጨርሰሻል?» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ቤት ስደርስ እናቴ ካልሲ እያጣመረች ነበር። ጠርሙሱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው፣ ካልሲውን ጠቅልላ ጨረሰች፣ ከዚያ ሌላ አነሳች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጣትሽን መርፌ ከበላሽ በኋላ፣ ወንበሩን መጎተት ስትጀምሪ ነው።»

«ስንት ስንት?»

«ሁለት ማንኪያ፣ ወተቱ ውስጥ። እንዳይመረው ማር ጠብ አደርግበታለሁ።»

«እማ፣ ልጄን መድኃኒት አጠጣሽው? ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ታጠጪው ነበር? አታጠጪውም። ያንን ወንበርሽን ስትጎትቺ፣ ቆመሽ እያንቀላፋሽ፣ አንድ ቀን ያ መኪና እጅሽን ነው የሚበላው ብዬ። አንቺ ለልጅሽ ተጨነቅሽ፣ እኔ ለልጄ።»

ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን እናቴ ናት፣ ደግሞ ከዓመት በላይ የተኛሁት እንቅልፍ የእሷ ነው። «ለምን ዝም አልሽ፣ በስልክ ለሰው ሁሉ ሳወራ እየሰማሽ?» አልኳት። «ደስ ብሎሽ ነበር» አለችኝ። «እንዲያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ወንበሩ አይደለም፣ ስዕሎቹ አይደሉም፣ የእኔ ጽናት አይደለም። የሳል ሽሮፕ ነው። ጠዋት ጠዋት ፈዞ የሚቀመጠውን፣ አስተማሪው «ጭምት ሆኗል፣ ተሻሽሏል» ያለችኝን ልጅ አይተን እልል ብለናል። ለአርባ ሰው ተናግሬያለሁ። አንቺን ደግሞ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ ሽሮፕ መዘንኩሽ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልለይልሽ፣ ዘዴው ውሸት አይደለም። ለአንዳንዱ ልጅ በርግጥ ይሠራል፣ ሲሠራ በጆሮዬ የሰማሁላቸው ወላጆች አሉ። ለአንዳንዱ በወራት ይሠራል፣ ለአንዳንዱ ሐኪም ያስፈልጋል። አንቺ «የተለየ ይሆን እንዴ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ የእኔ ሥራ ወዲያው ለአገልግሎቱ ሐኪም ማስተላለፍ ነበር። ቅጹ ላይ ለዚህም መስመር አለው። እኔ አንድም ቀን አልሞላሁትም፣ የእኔ ልጅ ሐኪም አላስፈለገውማ።

በማግስቱ ጌታውን ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ልቡን በመሣሪያ አዩት፣ ደም ቀዱ፣ ሽሮፑን አስቆሙ፣ በየወሩ አምጪው አሉኝ። ከዚያ ሄጄ ለአስተባባሪያችን ሁሉንም ነገርኳት። ክፉ ሴት አይደለችም። በሩን ዘጋችና ውኃ ቀዳችልኝ።

«ይሄ ነገር ቢወጣ ሌሎቹ ወላጆች ምን ይሆናሉ?» አለችኝ። «ነገ ሁሉም ስልኩን ቢዘጋብን? የማክሰኞዋ ጉዳይ እኮ አልቋል።»

«አላለቀም። ሐሙስ ሃያ ሦስት ኮሚቴው ይቀመጣል፣ ልጁ ለዘለቄታው እዚያ ይቅር ወይስ ይመለስ የሚለውን ይወስናል።»

«ልጁ ከቤት ወጥቶ ተገጭቷል። ያንን ያንቺ ቅጽ አላደረገውም።»

«አሥራ አንድ ሳምንት ያለ ሐኪም ያስቀመጠቻት ማን ናት?»

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን አልጽፍልሽም፣ እሷም እንጀራዋ ነው። ከስልኩ አስነሳችኝ። ትክክል አድርጋለች።

ቀጥዬ የሄድኩት የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ነው። መርማሪው ወጣት ነው፣ ሸሚዙ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ነበረው፣ የምለውን ሁሉ በሁለት ጣት እየተየበ ሰማኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «መድኃኒቱን የሰጠው ማን ነው?» አለኝ። «ቤተሰብ» አልኩት። «ቤተሰብ ብዬ ልጽፍ አልችልም። ስም ከሌለው ኮሚቴው እንደ ወሬ ነው የሚያየው። ስም ከጻፍሽ ደግሞ የአንቺም ልጅ ፋይል ይከፈታል፣ ቤትሽ ይታያል። አስቢበት» አለኝና ወረቀቱን ሳያስፈርመኝ መለሰልኝ።

እህቴ፣ ያን ወረቀት ይዤ ወደ ቤት ስመለስ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ፣ ስለ እኔ ሁሉን እንድታውቂ ነው። ልተወው አስቤ ነበር። አንቺ አታውቂኝም፣ ፊቴን አይተሽው አታውቂም፣ ዝም ብል ማንም አይደርስብኝም። የአንቺ ልጅ አንዴ ሄዷል፣ የእኔ ገና አልሄደም። አራት ቀን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እናቴ ናት ያወጣችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ነገርኳት። ያንቺንም የልጅሽንም ታሪክ መጀመሪያ የሰማችው ያኔ ነው። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ሻለቃው አደባባይ ጋ መገኘቱን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጻፊኝ» አለችኝ።

«እማ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆን። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«ያንቺንም ጻፊ፣ የእኔንም ጻፊ። በእኔ ዕድሜ ቢያስሩኝ ምን ይቀርብኛል። እንዲያውም ያስተኙኝ ይሆናል።»

አልሳቅሁም፣ እሷም እንድስቅ አልጠበቀችም። ጻፍኳት። ሙሉ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ዝምድናዋን፣ የማንኪያውን ቁጥር። የእኔን ጥፋት ከሥሩ ጻፍኩ። አልታሰረችም። ግን ምርመራው እስኪያልቅ ከጌታው ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንዳታድር ተብሎ ወንድሜ ጋ ሄዳለች። ሻንጣዋን የዘጋሁላት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ስማኝ «አንቺ ብቻ በመርፌ አትወጊ» ብላኝ ሄደች። ወንድሜ አያናግረኝም። «እናትሽን ከሰስሽ፣ ለማታውቂያት ሴት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላውቅሽም።

ጌታው አይተኛም። ሁለት ሴቶች መዝገብ ይዘው ሁለት ጊዜ መጥተው ክፍሉን፣ ማቀዝቀዣዬን፣ የመድኃኒት ሣጥኔን አይተዋል። አንደኛዋ ዓይኔን አይታ «ትተኛለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ «አልተኛም» አልኳት፣ ጻፈችው። የጻፈችው በምን ሳጥን ሥር እንደሆነ አልታየኝም። ያኔ ነው አንቺ እኔ ስደውል ምን ይሰማሽ እንደነበር የገባኝ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትይኝ እውነት አለሽ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም። ቢከብድሽ ደግ፣ ባይከብድሽም ይቅርታሽ አይገባኝም። ባልሽ ሲተውሽ፣ ጎረቤት ሲያማሽ፣ «እሷ ታውቃለች» ብለሽ ያመንሽው እኔን ነበር፣ እኔ ደግሞ አንድ ቃልሽን አላመንኩም። ይሄ አይካስም። ሻለቃው በማሳደጊያው ስድስት ወር ያለ እናቱ የኖረው ኑሮም አይካስም። ኮሚቴው ይመልስልሽ እንደሆነም አላውቅም፣ መርማሪውን ስጠይቀው «ይረዳታል፣ ዋስትና ግን የለም» ነው ያለኝ። ባዶ ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም፣ ካሁን በፊት የሰጠሁሽ ይበቃል።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ እገኛለሁ። ኮሌታዬ ላይ የፋብሪካው ባጅ አለ፣ ጣቴ ጠባሳ አለው፣ በዚያ ትለዪኛለሽ። ልታናግሪኝ አይጠበቅብሽም። ብትሰድቢኝም እቀመጣለሁ። ፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት ለኮሚቴው የሰጠሁት ቃል ግልባጭ ነው፣ ቢጠፋባቸው አንቺ ጋ ይኑር።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። «መመሪያውን ተከትለሻል?» ብለው ይጠይቁሻል። አንቺን አውቅሻለሁ፣ «ምናልባት እኔ አጥፍቼ ይሆናል» ማለት ይቀናሻል። እንዳትይው። «አዎ፣ ተከትያለሁ» በይና ዝም በይ። ካልመሰላቸው ወደ እኔ ይዙሩ።

ያላመነችሽ